ከእድር ቤቱ ጀርባ ያለው ኩሬ

«የጥዱ ሥር እድር አባላት ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከእድር ቤቱ ጀርባ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ኩሬ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ሞልቷል። ቀብር የለም። ድንኳን አይተከልም። ንፍሮም አይቀቀልም። ኩሬው ግን ሞልቷል!»

ጋሼ ማሙሸት ይህን ያወጁት ሐምሌ ሦስት ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጡሩምባቸውን ሦስት ጊዜ ነፍተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው። የእድራችን ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። እትዬ ወለተ ማርያም በአንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ አድርገው ደረታቸውን መምታት ጀምረው ነበር። የሞተ ሰው አለመኖሩ ሲነገራቸው ትንሽ ቅር አላቸው።

«ታዲያ ደረቴን ለማን ነው የመታሁት?»

«ለሚቀጥለው ይያዝልዎታ፣ እትዬ» አለ ሙናዊር። ሙናዊር ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል፤ ሰው ሲያለቅስም ሆነ ሲስቅ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። «ካልሲዎት ደግሞ ተቀዷል።»

ጋሼ ማሙሸት የእድሩ ዘበኛም ጡሩምባ ነፊም ናቸው። ኩሬው መሙላቱን በጡሩምባ ሲያውጁ ይህ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ «ያለ ሬሳ ጡሩምባ በመንፋት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝባቸዋል፤ በየዓመቱም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል።

የእድሩ ግቢ ከአማኑኤል ወደ መሳለሚያ ሲወረድ በቆርቆሮ የታጠረው ነው። ድንኳኑ፣ ድስቶቹና አግዳሚዎቹ የሚቀመጡበት ቤት አለው። ከቤቱ ጀርባ ስምንት ጥድ፣ ሁለት ወይራና አንድ ዝግባ አለ። በመርካቶ ሚዛን አሥራ አንድ ዛፍ ጫካ ነው። ከዛፎቹ ሥር መሬቱ ጎድጎድ ስለሚል ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ሚኒባስ የሚያህል ውሃ ይተኛበታል። ጥቅምት ላይ ይደርቃል። ኅዳር ላይ እዚህ ቦታ ውሃ ነበር ብትል ማንም አያምንህም።

እኔ አገኘሁ እባላለሁ። ከግቢው ማዶ ያገለገለ ጀሪካን እሸጣለሁ፤ ዘይት የነበረበትን አጥቤ ለውሃ። እኔ ዘንድ ከነክዳኑ የሚመጣ ጀሪካን የለም። ጀሪካኑን አንዱ ያመጣዋል፣ ክዳኑን ሌላው። ስለዚህ ቢጫው ላይ ቀይ፣ ነጩ ላይ ሰማያዊ፣ እንደተገኘ እገጥማለሁ። የሰፈራችን ሰው ቦኖ ላይ ሲሰለፍ ጀሪካኑን የሚለየው በክዳኑ ነው። «ያቺ ነጭ ክዳን የማን ናት?» ከተባለ ባለቤቷ ካለበት ይጠራል። ክዳኑ የጠፋበት ሰው ደግሞ ውሃውን ቤቱ እስኪያደርስ ግማሹን ሱሪው ይጠጣዋል።

በዚያው ጠዋት ማርያማዊት መጣች። ማርያማዊት በከተማው ውስጥ ዛፍ ሥር የሚተኙትን የክረምት ኩሬዎች እየዞረች ካርታ ላይ የምታሰፍር ልጅ ናት። ቦት ጫማ ታደርጋለች። ቁጥር የተጻፈበት ዱላ ኩሬው መሃል ተክላለች፤ የዝናቡን መጠን የምትለካው አናቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ነው። መጀመሪያ የመጣች ዓመት ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ኩሬው የት እንደሆነ ሳተላይት ጠየቀች። ኩሬው ዳር ቆማ ኩሬው የት ነው ብላ መጠየቋ ለእትዬ ወለተ ማርያም እስካሁን አልገባቸውም።

«አርባ አንድ ሴንቲ» አለች ዱላዋን አንብባ። «እንቁራሪቶቹም እንቁላላቸውን ጥለዋል። ጋሼ ማሙሸት፣ ይዩት።»

ጋሼ ማሙሸት ጎንበስ ብለው አዩ። ከሣሩ ሥር የተምር ፍሬ የሚያህል ዝልግልግ ነገር፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት።

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አሉ። «እኔ የማውቀው አጥር ነው።» ከዚያ ግን አልተነሱም።

«ግን ምናለ ሁልጊዜ ውሃ ባለበት ቦታ ቢወልዱ?» አለ ሙናዊር። «ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያለው ስንት ቦታ አለ!»

«ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ቦታ ዓሣ አለ፤ ዓሣ እንቁላላቸውን ይበላል። እዚህ በየዓመቱ ስለሚደርቅ ዓሣ የለም። መድረቁ ነው ጥቅሙ። ብቻ እግር ሳያወጡ እንዳይደርቅ። እግር ካወጡ እዚሁ ዛፉ ሥር፣ ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽገው በጋውን ያሳልፋሉ።»

«ኪራይ ሳይከፍሉ» አለ ሙናዊር።

ማርያማዊት ፎርም አላት። ጥልቀት፣ ስፋት፣ የዛፍ ዓይነት፣ የታዩ እንስሳት፤ ጋጋኖ የምትባለው ወፍም ሳትቀር አለችበት። ሁሉንም ሞልታለች። ከታች አንድ ባዶ ሳጥን አለ፤ «የጠባቂዎች ስም» ይላል።

«ኩሬውን ካርታው ላይ ማስፈር ብቻዬን እችላለሁ» አለች። «ይጠበቅ ተብሎ እንዲመዘገብ ግን ከባለቦታው አራት ሰው ስሙን መስጠት አለበት። ሁለት ዓመት ባዶ ነው። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው፤ ዘንድሮ ካልሞላ ፎርሙ ይዘጋል።»

«የኔን ጻፊው» አሉ ጋሼ ማሙሸት ቶሎ ብለው። ከዚያ ጨመሩ፤ «አጥሩ ስላለ ነው እንጂ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደመወዝተኛ ነዎት፤ አይቆጠርም። የእድሩ አባል መሆን አለበት።»

የእድሩ አባላት እርስ በርሳችን ተያየን። እትዬ ወለተ ማርያም ካልሲያቸው ትዝ አላቸው። ሙናዊር ስልኩ የጮኸ መሰለው። እኔ ሱቄን ክፍት ትቼ ነበር የመጣሁት።

*

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዳኛችን ኩሬውን ሊደፍኑት እንዳሰቡ ወሬው ቀድሞ ደርሶናል። የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለልዑል የጨርቅ አከፋፋይ ናቸው፤ ሲናገሩ ጨርቅ የሚለኩ ይመስል ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። በሐምሌው ስብሰባ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ዛፎቹ ይቆረጡ፣ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ይደልደል፣ ቦታው ለኢሱዙ ማራገፊያ ይከራይና እድሩ አዲስ ድንኳን ይግዛ።

«ድንኳናችን ያፈስሳል» አሉ። «ባለፈው ለቅሶ ላይ ሐዘንተኛው ሁለት ጊዜ ነው የረጠበው፤ አንዴ በእንባ፣ አንዴ በዝናብ። እንቁራሪት እድርተኛ አይደለም! መዋጮ አይከፍልም፣ ቀብር አይወጣም!»

በዚህ መካከል ከቤቱ ጀርባ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌሎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። አቶ ኃይለልዑል እጃቸውን እንደዘረጉ ጆሯቸውን ወደዚያ አዘነበሉ። ከሚገባውም በላይ ቆዩ።

«ይኸው!» አሉ በኋላ። «ይህን ጫጫታ ነው የምላችሁ።»

«ትንኙስ ቢሆን» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም። ትንኙን እንቁራሪቶቹ እንደሚበሉት ማርያማዊት ነግራቸዋለች፤ ግን ዳኛ ከተናገሩ በኋላ አንድ ነገር ማከል ወግ ነው። ሙናዊር እርሱ ብዙኃኑ ካለው ጋር መሆኑን ገለጸ። እኔም እንዲሁ። ብዙኃኑ ምን እንዳለ ግን የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ «ጉዳዩ ለመስከረም ሁለተኛ እሁድ ይደር» ተባለ። እድራችን ውስጥ ትልቅ ነገር ሁሉ ያድራል።

*

ዘንድሮ ክረምቱ ቸኮለ። ነሐሴ ሃያ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እንኳን ጠብ ሳይል ቀረ። የሰፈሩ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቁ ልብሳቸውን አውልቀው በረንዳ ለበረንዳ ቆመው ሲጠብቁ ውለው፣ ሲበርዳቸው ለብሰው ገቡ።

በማግስቱ ማርያማዊት ዱላዋን አነበበች። እኔ የዘይት ጀሪካን ላነሳ ከአጥሩ ወዲያ ነበርኩ። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው፤ እኔ አልበሳሁትም።

«አሥራ ሦስት» አለች። «በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ለእግር ገና ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል።»

ውሃው የአንድ ፍራሽ ያህል ሆኗል። ውስጡ ባለ ጭራዎቹ ተጨናንቀው፣ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ማንም ቦታውን ለማንም አይለቅም።

ጋሼ ማሙሸት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጡሩምባቸውን በኮታቸው ጫፍ ያብሱ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍቻለሁ» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እገሌ ሞተ ነው ያልኩት። አንድም ቀን እገሊት ወለደች ብዬ አላውቅም፤ ለልደት ጡሩምባ የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። በሽተኛ ያለበት ቤት ካለማ በዚያ በኩል ራሱ እንዳላልፍ ይለምኑኛል። ሰላም ልልም እኮ ነው የምሄደው።» ጡሩምባውን ገልብጠው አበሱ። «በዓመት አንድ ቀን፣ ኩሬው ሞላ ብዬ ስነፋ፣ ሰው ይወጣል፣ ይሰድበኛል፣ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ቤቱ ይገባል። በኔ ጡሩምባ ስቆ የገባ ሰው ከዚህ ሌላ አላየሁም። ገረጋንቲ ከተደፋበት ምን ብዬ ልነፋ ነው? ገረጋንቲው ሞላ ልበል?»

ማርያማዊት አሥራ ሦስቱን ፎርሟ ላይ ጻፈች። እኔም ጀሪካኑን አንስቼ ሄድኩ።

የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ለሙናዊር ብቻ ነገርኩት፤ እሱንም ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስምዬው ነው። ሙናዊር ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ለእትዬ ወለተ ማርያም ብቻ ነገራቸው።

*

በሚቀጥለው ቀን ሱቄ ደመቀ።

መጀመሪያ ሙናዊር መጣ። ሃያ ሊትር ከነሰማያዊ ክዳኑ ወሰደ። «ለእህቴ ነው» አለ ሳልጠይቀው። እህቱ ጅማ ናት። ቀጥለው እትዬ ወለተ ማርያም መጡ፤ በአሥር ሊትር ጀሪካን ላይ ነጭ ክዳን ገጠምኩላቸው። «ጠበል ልቀዳበት ነው፣ ጉልበቴን አሞኛል» አሉና ጀሪካኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አቶ ኃይለልዑል ራሳቸው መጡ። ቤታቸው ሠራተኛ አለ፣ ሱቃቸው ሁለት ወዛደር አለ።

«ለኢሱዙዋ ራዲያተር የሚሆን አለህ?»

ሃያ ሊትር የሚጠጣ ራዲያተር አይቼ አላውቅም። ነጋዴ ግን ደንበኛውን አይከራከርም። ቀይ ክዳን ገጠምኩላቸው።

መስከረም ሦስት ቀን ማርያማዊት መጥታ ዱላዋን አነበበች። ዓይኗን አሸችና ደግማ አነበበች። ሃይላንዱን ተመለከተች፤ ውስጡ አንድ የደረቀ ቅጠል ብቻ ነበር።

«አሥራ አራት» አለች። «ዝናብ የለም፤ ውሃው ጨምሯል።»

«ጠበል ፈልቆ ይሆናል» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም፣ እያማተቡ።

«ቧንቧ ነው የፈነዳው» አለ ሙናዊር። «ከሥር።»

«የመሬት ነገር አይታወቅም» አሉ አቶ ኃይለልዑል። በአጋጣሚ በዚያ በኩል እያለፉ ነበር። «እኛ አገር አንዳንዴ መሬት ራሷ ታልባለች።»

ማርያማዊት አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ለዝግባው የምትናገር ይመስል እንዲህ አለች፤ «የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለው፤ እንደተቀዳ ቢገባባቸው ይጎዳቸዋል። ተቀድቶ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ቢያድር ግን ይሻላል። ለማንም አይደለም፤ እንዲሁ ስለ ውሃ ጠባይ ነው የምናገረው።»

በማግስቱ በሰፈራችን በረንዳዎች ላይ ክዳን የሌለው ሳፋ፣ አፉ የተከፈተ በርሜል፣ የእድሩ ትልቁ ድስት ሳይቀር ውሃ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ልብስ ሊታጠብ ነው ተባለ። የሚታጠብ ልብስ ግን አላየሁም።

እኔ በበኩሌ በዚያ ሰሞን ለጤናዬ ስል ጎህ ሲቀድ የእግር ጉዞ ጀመርኩ። ሃያ ሊትር ተሸክሞ መራመድ ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል። አንድ ጠዋት የእድሩን አጥር ሾልኬ፣ ክዳኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ከጉዞዬ ላይ ክብደት በመቀነስ ላይ ሳለሁ ከዘበኛው ቤት ሳል ተሰማ። ጋሼ ማሙሸት በጊዜ እንደሚነቁ አላውቅም ነበር። ወጣሁ። ሱቄ ስደርስ ክዳኔ አብሮኝ የለም። አረንጓዴ ነበረች፤ ጀሪካን ለሚሸጥ ሰው ያሳፍራል።

የጋሼ ማሙሸት ሳል የበረታው በዚያ ሰሞን መሆኑን ያወቅሁት ሌሎቹን አይቼ ነው። ሙናዊር ቦኖው ሰልፍ ላይ የጀሪካኑን አፍ በላስቲክ ወጥሮ ቆሟል። እትዬ ወለተ ማርያም ድንች ወትፈውበታል። አቶ ኃይለልዑል ብቻ ወደ ሱቄ መጡ።

«ክዳን ብቻውን ትሸጣለህ?»

«ቀዩስ?»

«ራዲያተሩ ዋጠው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ሌላ ቀይ ፈልጌ ሰጠኋቸው።

*

መስከረም በገባ በሁለተኛው እሁድ ስብሰባ ተቀመጥን። የሰፈራችን የውሃ ተራም በዚያው ቀን ስለዋለ ሁሉም ሰው ጀሪካኑን ከነባዶው ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ደርድሮታል። አራቱ አፋቸውን ከፍተዋል፤ አንደኛው ድንች ነክሷል። የአቶ ኃይለልዑልም እዚያው አለ። ያቺ የሰጠኋቸው ሁለተኛዋ ቀይ ክዳንም አልነበረችበትም።

ዳኛው የገረጋንቲውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጃቸውን ዘረጉ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ልማት፣ ስለ ኢሱዙ ተናገሩ። እንደ ሐምሌው ግን አልጮኹም።

«ከመወሰናችን በፊት ልጅቷ ትናገር» አሉ። «እንግዳ ናትና።»

ማርያማዊት ፎርሟን ይዛ ተነሣች። «ኩሬው ዛሬ ጠዋት አሥራ ሰባት ሴንቲ ነው። የኋላ እግር አውጥተዋል፤ የፊቱም ጀምሯል። ዐሥር ቀን ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ይድረቅ። ውሃው ዝናብ ሳይዘንብ ጨምሯል፤ ሰው ጨምሮበታል ብዬ መጻፍ አለብኝ፣ መዋሸት አልችልም። ማን እንደጨመረው ግን አላየሁም። የጠባቂዎች ስም የሚለው አሁንም ባዶ ነው። ፈቃደኛ ካለ…»

እትዬ ወለተ ማርያም ጣሪያውን አዩ። ሙናዊር የሁላችንን ጫማ በየተራ ገመገመ። እኔ በልቤ ከአራቱ ሦስቱ ቢነሡ አራተኛው እሆናለሁ አልኩ። ሁላችንም እንደዚያው ያልን ይመስለኛል፤ ማንም ሳይነሣ ቀረ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ኃይለልዑል፣ እስክሪብቷቸውን እያነሡ፣ «ተቃውሞ ከሌለ ገረጋንቲው…»

ያኔ ጋሼ ማሙሸት ከበሩ ሥር ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጡሩምባቸውን ቤት ውስጥ ነፉት፤ ድስቶቹ መደርደሪያቸው ላይ ተንቀጫቀጩ። እትዬ ወለተ ማርያም እጃቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«የጥዱ ሥር እድር አባላት ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኩሬው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ፣ በተለያየ ጠዋት፣ የጀሪካን ክዳን ወድቆ ተገኝቷል! ሰማያዊ አንድ! ነጭ አንድ! አረንጓዴ አንድ! ቀይ አንድ! ባለቤት ነኝ የሚል ቀርቦ ይውሰድ!»

ክዳኖቹን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው በገረጋንቲው ወረቀት ላይ ደረደሯቸው። ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ።

ክዳኖቹን የማያውቃቸው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ያኔ ከውጭ፣ ከቦኖው በኩል፣ የሆነች ሴት ጮኸች፤

«ውሃ መጣ! ኧረ ውሃ መጣ!»

እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ለሁለት ሰዓት ነው። ሙናዊር ከተቀመጠበት ተስፈነጠረና ሰማያዊውን አነሣ። «የእህቴ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን፣ እየሮጠ። እትዬ ወለተ ማርያም አማትበው ነጩን አነሡ፤ ድንቹን እዚያው በር ላይ ጣሉት። ማርያማዊት ማንንም አልጠየቀችም። አንድ ክዳን በተነሣ ቁጥር አንድ ስም ትጽፋለች።

እኔም አረንጓዴዋን አነሣሁ። ጋሼ ማሙሸት በትሕትና ወደ ሌላ በኩል አዩልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ቀይዋ ቀረች። አቶ ኃይለልዑል ወረቀቱን አዩ፣ በሩን አዩ፣ የቦኖውን ጩኸት ሰሙ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ ከመሬት የወደቀ ነገር እንደሚያነሣ ሰው፣ ክዳኗን አነሡና ወደ በሩ ፈጠኑ።

«ዳኛ» አሉ ጋሼ ማሙሸት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው እየሰደዱ። «የእርስዎ ሁለት ነው።»